በአንበሳው እጅ ስላለው መስቀል፤ በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ትርጓሜ ላይ የተጨመረ ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በራእየ ዮሐንስ በምዕራፍ 5 ያለው የሽማግሌው ቃል በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘንድ ከመጽሐፍ ወጥቶ በገንዘብ፥ በሰንደቅ ዓላማና በደብዳቤ ራስጌ ላይ ተጽፎ ኖሯል። ቃሉም «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ነው። ከቃሉም ጋራ አንበሳ ይሣላል፤ አንበሳውም ዘውድ ደፍቶ፥ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ በትር ይዟል፤ በበትሩም ራስ መስቀል አለ። ቃሉን ያላወቀ፥ አንበሳውንም ያላየ የለም። መስቀሉን ግን መኳንንቱም ካህናቱም እንደ ጌጥ አድርገው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። እኛ መስቀሉ የቃሉ ትርጓሜ ነው እንላለን፤ እርሱ ሲወድቅ ቃሉ ወደ ሌላ ፍቺ ይሄዳልና። ይህንም አስቀድመን ከመጽሐፍ፥ ቀጥለን ከታሪክ እናሳያለን። ከታሪኩም በደብረ ታቦርና በቀድሞው በበጌምድር፥ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው አገር የሆነውን ከሌላው አብልጠን እንጽፋለን።

ወንጌላዊው ዮሐንስ በዙፋን በተቀመጠው እጅ በሰባት ማኅተም የታተመ መጽሐፍ አየ፤ ሊከፍተው የሚገባው በሰማይም በምድርም ስለ ታጣ አለቀሰ። ከሽማግሎቹም አንዱ አታልቅስ አለው፤ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ መጽሐፉን ይከፍት ዘንድ ድል ነሥቷል ብሎ ነገረው። ዮሐንስም አንበሳ አያለሁ ብሎ ቀና ቢል ያየው እንደ ታረደ ሆኖ የቆመ በግ ነው። በጆሮው አንበሳ ሰማ፥ በዓይኑ በግ አየ። ስለ ምን አንበሳ አለው ቢሉ፥ ያዕቆብ ልጁን ይሁዳን በመረቀ ጊዜ የአንበሳ ደቦል ብሎታልና፤ አንድም ሞትን አሸንፎ ተነሥቷልና። ስለ ምንስ በግ ሆኖ ታየ ቢሉ፥ ያሸነፈው በመታረዱ ነውና።

እንግዲህ ሠዓሊው ይህን ምሥጢር በአንድ ማኅተም ስፋት ላሳይ ቢል ይቸገራል። አንበሳንና በግን አንድ አካል ቢያደርግ ስሙ የማይታወቅ አውሬ ይሆንበታል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያቆም ሁለት ጌቶች ያስመስላል። ስለዚህ አንበሳውን ሥሎ መስቀሉን አስያዘው። አንበሳው ዮሐንስ የሰማው ነው፤ መስቀሉ ዮሐንስ ያየው ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ሞዐ የሚለው ግሥ በዚያ ስፍራ ተሳቢ የለውም፤ እገሌን፥ እገሌ የሚባለውን ሕዝብ ድል ነሣ አይልም። የሚናገረው ስለ ምን ድል እንደ ነሣ ነው፤ ይኸውም መጽሐፉን ይከፍት ዘንድ፥ ማኅተሙንም ይፈታ ዘንድ ነው። ማኅተም ስለሚፈታው ጌታ የተነገረው ቃል በነገሥታት ማኅተም አጠገብ፥ በደብዳቤያቸው ላይ መጻፉ እጅግ ይገርማል፤ ይህን አስቦ ያደረገው ሊቅ ካለ ብልህ ሰው ነበር።

ወደ ታሪኩ እንምጣ። የመስቀልን ምልክት በመንግሥት ገንዘብ ላይ በማተም ኢትዮጵያ ከዓለም መንግሥታት ከቀደሙት አንዷ ናት። የአክሱም ነገሥታት አስቀድሞ በገንዘባቸው ላይ ጨረቃና ክብ ፀሐይ ያደርጉ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዔዛና በፍሬምናጦስ በአባ ሰላማ ትምህርት ካመነ በኋላ የጨረቃው ስፍራ ለመስቀል ሆነ። ከዔዛናም በኋላ ስሙ አናባቢ በሌለው ፊደል መ ሐ ደ የ ሰ ተብሎ የተጻፈ ንጉሥ በነሐስ ገንዘቡ ላይ በግዕዝ «በዝ መስቀል ትመውእ» ብሎ ቀረጸ። ይህ ለቈስጠንጢኖስ በ312 ዓመተ ምሕረት በኤውሮጳ አቈጣጠር ታየው የሚባለው ቃል ነው። አንባቢ ሆይ፥ ትመውእ እና ሞዐ አንድ ግሥ መሆኑን ተመልከት። ከአክሱም ነሐስ እስከ አፄ ምኒልክ ብር ድረስ መስቀሉና ይህ ግሥ አብረው ይገኛሉ።

በኤውሮጳ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በ12ኛው መቶ ዓመት ፈረሰኛው ፊቱን በብረት ስለሚሸፍን፥ ወዳጅና ጠላት ይለየው ዘንድ በጋሻው ላይ ምልክት ያሥል ጀመር፤ ምልክቱም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ሆነ። ከምልክቶቹም ሁሉ መስቀል እጅግ በዛ፥ ዓይነቱም በዛ። የኢየሩሳሌም የመስቀል ጦረኞች መንግሥት አንድ ታላቅና አራት ታናናሽ መስቀል ያዘ፤ በቅዱስ ዮሐንስ ስም የተሰበሰቡት ፈረሰኞች ስምንት ጫፍ ያለውን ያዙ፥ ስምንቱንም በተራራው ስብከት የተነገሩት ብፁዓን ናቸው ብለው ተረጐሙት፤ እንግሊዞች ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ላይ ቀይ መስቀል አደረጉ። የሌላውን ቤት ምልክት በጋሻው ላይ አድርጎ የተገኘም በዳኛ ፊት ይሟገት ነበር።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ የቤተ ሰብ ዓርማ አልነበረም። ባላባቱ የሚታወቀው በነጋሪቱ፥ በለምዱ፥ በብር ባጌጠ ጋሻው፥ በኋላም በማኅተሙ ነው። መስቀል የአንድ ቤት ርስት ሆኖ አያውቅም፤ ጌታውም ሎሌውም በአንገቱ ማተብ ያስራልና። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት) ሕዝቡ የመስቀልን ምልክት በልብሱና በመሣሪያው ላይ ሁሉ ያደርግ ዘንድ ባዘዙ ጊዜ ትእዛዙ ለመኳንንቱ ብቻ አልነበረም፤ አራሹም ነበረበት። ስለዚህ በኢትዮጵያ ዓርማ ውስጥ መስቀል ሲገኝ የየትኛው ቤት ነው ብሎ መጠየቅ አይገባም።

ሁለቱ ልማዶች ፊት ለፊት የተገናኙት በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ክሪስቶቫን ደ ጋማ በ1533 ዓ.ም. 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ይዞ ገባ፤ እርሱ በሚከተለው ዓመት ተይዞ ተገደለ፤ የቀሩት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋራ ሆነው በ1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ተዋጉ፥ ኢማም አሕመድም በዚያ ወደቀ። የፖርቱጋል ንጉሥ ዓርማ አምስት ታናናሽ ሰማያዊ ጋሻ በመስቀል አምሳል የተደረደረበት ነው፤ በየጋሻውም አምስት ነጭ ነጥብ አለ፤ አገሬዎቹ አምስቱን ጋሻ የጌታ አምስቱ ቍስል ነው ይላሉ። የእኛም ሊቃውንት አምስቱን ችንካር ሳዶር፥ አላዶር፥ ዳናት፥ አዴራ፥ ሮዳስ ብለው ሲቈጥሩ ኖረዋል። ሁለቱ ወገኖች በሃይማኖት ነገር ኋላ እስከ ደም መፋሰስ ተጣሉ፤ ስለ ቍስሎቹ ቍጥር ግን ጠብ አልነበራቸውም።

የአንበሳው ሥዕል ከነመስቀሉ በኤውሮጳ መጽሐፍ ታትሞ የወጣው በጀርመናዊው ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ እጅ ነው። ሉዶልፍ ከአምሐራው ከአባ ጎርጎርዮስ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፥ በ1681 በኤውሮጳ አቈጣጠር ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የነገሥታቱ ምልክት መስቀል የያዘ አንበሳ መሆኑን፥ ቃሉም ሞዐ አንበሳ መሆኑን ጽፏል። ከዚህ እንደምንረዳው መስቀሉ በኋላ ዘመን የተጨመረ አይደለም።

ስለ በትሩ ንድፍ ጥቂት እንናገር። የአንበሳው በትር ጦር አይመስልም፤ ዲያቆን በዑደት ጊዜ የሚይዘውን የመጾር መስቀል ይመስላል። በጋይንት በቤተልሔም ድጓ፥ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የተማሩ ሁሉ በመስከረም 17 ቀን ይህን መስቀል ከካህናቱ ፊት ሲሄድ አይተውታል። ከመስቀሉ እግር ግራና ቀኝ ክንድ ይወጣል፥ በዚያም ልብስ ይታሰራል፤ በመንግሥት አንበሳ በትር ላይ የሚታየውም ተንሳፋፊ ጨርቅ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የመስቀሉ ሐረግ መነሻውና መድረሻው እንዳይታወቅ ሆኖ መጠላለፉን መምህራን ዘለዓለማዊነትን ያሳያል ይላሉ፤ በማኅተም ላይ ግን ስፍራው ጠባብ ስለ ሆነ ሐረጉ ቀርቶ አራቱ ክንድ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ አንበሳው በዚያ ሥዕል የዲያቆን አገልግሎት ያገለግላል ማለት ነው፤ መስቀል ተሸክሞ ፊት ፊት ይሄዳልና። ንጉሥ አንበሳው እኔ ነኝ ቢል እንኳ ሥራው መስቀል ተሸካሚነት ነው።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። ከተማይቱን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቈረቈሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ስምዋ የወንጌሉ ተራራ ስም ነው፤ በዓሉም ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 9 እንደሚናገረው፥ በታቦር ፊቱ በበራ ጊዜ ሙሴና ኤልያስ ከእርሱ ጋራ የተነጋገሩት በኢየሩሳሌም ስለሚፈጽመው ስለ ሞቱ ነበር። ሌሎች ብርሃኑን ብቻ ያስባሉ፤ በብርሃኑ መካከል የተነገረው ነገር ግን የመስቀል ነገር ነው።

በዚህች ከተማ አጠገብ በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤና ራስ ዓሊ ተዋጉ። ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ የመጡትን አቡነ ሰላማን ይዘው፥ ራስ ዓሊን ለእስላም አደላ ብለው ከሰው፥ በሃይማኖት ስም ዘመቱ። ጦርነቱን አሸነፉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ደጃዝማች ውቤ በድንኳናቸው ደስታ ሲያደርጉ ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ያዛቸው። ድል የነሣው ተያዘ፥ የሸሸው ተመልሶ ገዛ። ሞዐ የሚለውን ቃል አንድ ሰው ለራሱ ለመውሰድ ቢቸኩል ምን እንደሚያገኘው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በበጌምድር አላውቅም።

ከአፄ ቴዎድሮስ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ደብረ ታቦርን ከመናገሻዎቻቸው አንዷ አደረጉ። ጎርዶን ከግብፅ መንግሥት ተልኮ በ1872 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ንጉሠ ነገሥቱን ያገኛቸው በደብረ ታቦር ነው፤ ለግብፁ ገዥ የተጻፈ ደብዳቤም ይዞ ተመለሰ። የአፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ሲጀምር ሥዩመ እግዚአብሔር፥ ንጉሠ ጽዮን፥ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ይላል፤ የአንበሳውን ቃል በስማቸው ፊት አያኖሩም ነበር። በማኅተማቸው ግን መስቀል የእስማኤልን ነገድ ድል እንደ ነሣ የሚናገር ጽሕፈት ነበረበት። ይህን ለመረዳት ዘመኑን ማሰብ ይገባል። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ሁለት ጊዜ ወረራቸው፤ በጉንደትና በጉራ ድል ነሡት። አገር ሊወስድ የመጣን ወራሪ ለመለሰ ንጉሥ እንዲህ ያለው ጽሕፈት የምስጋና ቃል ነው።

ነገር ግን እኛ የምንጽፈው በመጽሐፍ ትርጓሜ ላይ ነውና ልዩነቱን ሳንናገር ብናልፍ አይገባም። በራእዩ ተሳቢ ያልነበረው ግሥ በማኅተሙ ላይ ተሳቢ አገኘ፤ ተሳቢውም አንድ ሕዝብ ሆነ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ በታዘዘ ጊዜ ያ ተሳቢ ከማኅተም ወጥቶ በሰው ላይ ሠራ። ብዙዎች ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆነው ኖሩ፤ ሌሎችም ተሰደዱ። ታርዶ ያሸነፈው በግ መጽሐፉን የከፈተው ለማን ነው ቢሉ፥ ምዕራፉ ራሱ ከነገድ ሁሉ፥ ከቋንቋ ሁሉ፥ ከሕዝብ ሁሉ በደሙ እንደ ዋጀ ይናገራል። አፄ ዮሐንስ በመተማ ስለ አገራቸው የሞቱ፥ ለቤተ ክርስቲያንም የቀኑ ንጉሥ ናቸው፤ ክብራቸውም ይህን ከመጻፍ አያግደንም።

አፄ ምኒልክ የአንበሳውን ቃል በደብዳቤያቸው መጀመሪያ ላይ ከስማቸው አስቀድመው አኖሩት። በፓሪስ ያሠሩት፥ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብርም በአንድ ፊቱ የንጉሡ መልክ፥ በሌላ ፊቱ መስቀል የያዘው አንበሳ አለበት፥ በዙሪያውም ቃሉ ተጽፏል። በዚህ ጊዜ የኤውሮጳ ተርጓሚዎች ስሕተት ሠሩ። በግዕዙ «አንበሳው ድል ነሣ» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤቱም ክርስቶስ ነው። እነርሱ ግን «ድል አድራጊው የይሁዳ አንበሳ ምኒልክ» ብለው የንጉሡ ማዕርግ አደረጉት። ስዊድናዊው የታሪክ ጸሓፊ ስቬን ሩበንሰን በ1965 በኤውሮጳ አቈጣጠር ባወጣው ጽሕፈት ይህን ገልጦ፥ ቃሉ መጀመሪያ የክርስቲያን መንግሥት መፈክር እንጂ የንጉሥ ስም እንዳልነበረ አስረድቷል። የውጭውን ትርጓሜ ኋላ የእኛም ቤተ መንግሥት ተቀበለው፤ ውዳሴ ነውና ማን ይመልሰዋል?

ነገሩ ከስሕተት አልፎ የነፍስ ጉዳይ የሆነው በባሕር ማዶ ነው። በጃማይካ ደሴት የሚኖሩ ብዙ ሰዎች የአንበሳውን ቃል በአፄ ኃይለ ሥላሴ ላይ ተርጕመው አምላክ ናቸው አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ዓ.ም. ሚያዝያ ደሴቲቱን ጐበኙ፤ ጥቂት ቈይቶም ቤተ ክርስቲያን ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉትን መምህር ልካ አስተማረች፥ አያሌ ሰዎችም በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተጠመቁ። እኒህ ሰዎች የተሳሳቱት ከክፋት አይደለም። ቃሉ እንደ ማዕርግ ተተርጕሞ ደረሳቸው፥ አንበሳውንም አዩ፤ የበትሩን ራስ የሚተረጕምላቸው ግን አልነበረም።

መስቀል በዓርማ ላይ መኖሩ ብቻውን ምንም እንደማይረባ ደግሞ የኢጣልያ ዘመን አሳየን። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በደብረ ታቦር የተሰቀለው የኢጣልያ ባንዲራ በመካከሉ የሳቮያ ቤት ጋሻ ነበረበት፤ ያም ጋሻ በቀይ ላይ ነጭ መስቀል ነው። ይህን መስቀል በባንዲራቸው የያዙ ሰዎች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስን በአዲስ አበባ በጥይት ደብድበው ገደሉ፤ አቡኑም መስቀላቸውን ይዘው ሞቱ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱን አስወጥተው ፈጁ፤ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ የላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት ይላል፥ በኋላ ዘመን የተመረመረው ግን ከዚህ እጅግ ብዙ ዕጥፍ መሆኑን ያሳያል። ገዳዩም ተገዳዩም የመስቀል ምልክት ነበረው። የሳቮያ መስቀል ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የአንድ ቤት ንብረት ሆኖ ስለ ነበር፥ የሚናገረው ስለ ቤቱ እንጂ ስለ ታረደው በግ አልነበረም። የቤተ ሰብ ዓርማ ለመስቀል አደገኛ ነው የምለው ስለዚህ ነው፤ የእኛዎቹ መሳፍንት ባለማበጀታቸው አልቈጭም።

የመጨረሻው ለውጥ የሆነው በ1967 ዓ.ም. ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን ከዙፋን ወረዱ፤ የደርግ መንግሥትም አንበሳውን ከሰንደቅ ዓላማው ወዲያው አላነሣውም። አስቀድሞ ዘውዱን ከራሱ አወለቀ፤ ቀጥሎ በበትሩ ጫፍ የነበረውን መስቀል አንሥቶ በስፍራው የጦር ጫፍ አደረገ። ዘውዱ ለምን እንደ ወለቀ ግልጥ ነው። መስቀሉን ያነሣው ሰው ግን ከብዙ ካህናት ይልቅ የሥዕሉን ትርጕም ዐውቆ ኖሯል፤ ጦር የያዘ አንበሳ ከራእዩ ጋራ አንዳች ዝምድና የለውምና። ያም አንበሳ ብዙ አልቈየም፤ ጥቂት ቈይቶ እርሱም ተነሣ፤ ዛሬ በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ አንበሳ የለም።

በእጁ አሮጌ ባለ አንበሳ ሰንደቅ ዓላማ የሚገኝ ሰው የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ለማወቅ ቢፈልግ፥ አስቀድሞ የአንበሳውን ራስ፥ ቀጥሎ የበትሩን ጫፍ ይመልከት፤ ዘውድና መስቀል ያለበት ከ1967 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ነው፤ የጦር ጫፍ ያለበት በዚያች አጭር ጊዜ የተሠራ ነው።